ዓሣ ነባሪውና የግንቡ ሞስ

የእህቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ሳለች፣ ጥር ላይ፣ የሳይንስ የቤት ሥራ ተሰጣቸው። ሁለት ሕያዋን ነገሮችን መርጣችሁ አወዳድሩ የሚል ነው። የክፍል ጓደኞቿ ላምና በግ፣ ድመትና ውሻ፣ ጽድና ባሕር ዛፍ ይዘው መጡ። እሷ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪና ሞስ ይዛ ሄደች። ሞስ ስል ድንጋይና ግንብ ላይ ተለጥፎ የሚወጣውን፣ ክረምት ሲገባ ደረጃውን ሁሉ የሚያንሸራትተውን አረንጓዴ ተክል ማለቴ ነው።

ደብተሯ ሲመለስ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፎበታል፦ «እነዚህን ምን ያገናኛቸዋል? የሚቀራረብ ነገር ምረጪ።» ውጤቱ ከሃያ ስድስት ነው።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ደብተሩን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ በቃ። እኔ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስወርድ የአጥሩን ድንጋይ አያለሁ። ታክሲ ስጠብቅ የአስፋልቱን ጠርዝ አያለሁ። በየስንጥቁ ሞስ አለ። ዕድሜዬን በሙሉ በዚህ መንገድ ስመላለስ ኖሬ ልብ ያልኩት ያኔ ነው።

ከመምህሩ ጋር ጠብ የለኝም። ያን ሁሉ ደብተር በአንድ ሌሊት የሚያርም ሰው ምን ያህል እንደሚደክመው አውቃለሁ። ያበሳጨኝ «የሚቀራረብ ነገር ምረጪ» የሚለው ቃል ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማው ነገር ነው። ከእኩያሽ ጋር ዋይ፣ ከአቅምሽ በላይ አትመኚ፣ ትልቁን ከትንሹ አታቀላቅይ። በጎ ምክር የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለማወቅ ለተነሳች ልጅ ግን አይሆንም።

ሰሞኑ ጾመ ነነዌ ነበር። ባሕር የሌለን ሰዎች ዓሣ ነባሪን የምናውቀው በዮናስ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ታሪኩን እንሰማለን። ያኔ ሌላ ነገር ትዝ አለኝና መጽሐፍ ቅዱሴን ገለጥኩ። መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 4 ላይ ስለ ሰሎሞን ጥበብ ሲናገር፣ ከሊባኖስ ዝግባ ጀምሮ በቅጥር ላይ እስከሚበቅለው ሂሶጵ ድረስ ስለ ዛፍ ሁሉ ተናገረ ይላል። ቀጥሎ ደግሞ ስለ አውሬዎች፣ ስለ ወፎች፣ ስለ ተንቀሳቃሾችና ስለ ዓሦች ተናገረ ይላል። ንግሥተ ሳባ ያን ሁሉ መንገድ ሄዳ ልትሰማው የወደደችው ጥበብ እንግዲህ ይሄንን ሁሉ የያዘ ነው። ግዙፉን ዝግባና ግንብ ላይ የበቀለችውን ቡቃያ በአንድ ትንፋሽ ያነሳል። የእህቴ ልጅም ያደረገችው ይሄንኑ ነው።

መጠኑን ቶሎ እንጨርሰው

ልጅቷ የሠራችው ሠንጠረዥ በአብዛኛው ስለ መጠን ነበር። ማንም ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ርዝመቱ እስከ 30 ሜትር ይደርሳል። ክብደቱ ከ150 ቶን ሊያልፍ ይችላል። በምድር ላይ ከኖሩ እንስሳት ሁሉ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት ከሚታወቁት ከባዱ እሱ ነው፤ ዳይኖሰሮችን ጨምሮ። ግልገሉ ሲወለድ ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። በእናቱ ወተት በቀን 90 ኪሎ ገደማ ይጨምራል። በየቀኑ አንድ ኩንታል ጤፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው።

የሷ ሞስ ደግሞ ብርማው ሞስ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ብራዩም አርጀንቲየም ይባላል። ቁመቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ቅጠሉ በሚሊ ሜትር የሚለካ ነው። ውፍረቱ፣ ከመሃል ጅማቱ በስተቀር፣ የአንድ ሕዋስ ብቻ ነው። ሥር የለውም። ድንጋዩን የሚይዝባቸው ቀጫጭን ክሮች አሉት፤ ውሃ የሚጠጣው ግን በዋናነት በገላው ነው።

ይሄን ሁሉ ጽፋለች። ትክክል ነው። ግን ቁጥር ሲበዛ «ወይ ጉድ!» ብሎ ማለፍ ነው። አንዱ ግዙፍ ነው፣ አንዱ ኢምንት ነው፤ ከዚያስ? ቀይ እስክሪብቶው የጠየቀው ጥያቄ ራሱ እዚህ ጋ መልስ አላገኘም። መልሱ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው።

የጋሼ መስታወት

እሁድ ነበር። እህቴና ልጇ ከቤተ ክርስቲያን እኔ ጋ መጥተዋል። ግቢያችን ውስጥ ፒያሳ ወርቅ ቤት ሲሠሩ የኖሩ ጎረቤት አሉን። ዕድሜያቸው ስለገፋ አሁን ብዙም አይወጡም። ፀሐይ ላይ ዱካ አስቀምጠው ይሞቃሉ። ልጅቷ ከሳቸው ራቅ ብላ የግቢውን የድንጋይ ካብ በጥፍሯ ትፍቃለች።

«ምንድነው የምትፍቂው የኔ እናት?» አሏት።

«ሞስ ነው ጋሼ።»

«ነይ እስቲ፣ በዚህ እዪው።» ከኮታቸው ኪስ ያቺን ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚያደርጓትን ትንሽ አጉሊ መስታወት አወጡ። አሁንም ይዘዋት ነው የሚዞሩት።

ልጅቷ ዓይኗን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ቀረች። አትናገርም። ዝም ስትል እኔም ተነሳሁና ጠጋ አልኩ። ተራዬ ሲደርስ አየሁት። ከሩቅ አመድማ እድፍ የሚመስለው ነገር ውስጡ ሌላ ነው። ቀጫጭን ዘንጎች ተጠጋግተው ቆመዋል። በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ቅጠሎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ተጣብቀዋል። የቅጠሉ ጫፍ ቀለም የለውም። ጥርት ያለ ነጭ ሆኖ ያብረቀርቃል።

ጋሼም አዩ። ቆይተው፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ብር ሳቀልጥ ኖሬ፣ ብር ከግቢዬ ድንጋይ ላይ ሲበቅል አላየሁም» አሉ።

ልጅቷ ሮጣ ገብታ በሃይላንድ ውሃ ይዛ መጣች። ጥቂት አፈሰሰችበት። እኛ ሦስታችን መስታወቱን እየተቀባበልን እናያለን። ብሩ መጥፋት ጀመረ። ከሥሩ አረንጓዴው ወጣ። ብዙ አልቆየም፤ ጋሼ አንድ ጊዜ አይተው ለኔ ሲያቀብሉኝና እኔ መልሼ ስሰጣቸው ሌላ ተክል ሆኖ ጠበቃቸው።

ነጩ ጫፍ ለምን እንደሆነ ልጅቷ አንብባለች። እዚያ ያሉት የቅጠሉ ሕዋሳት ክሎሮፊል የላቸውም። ሞሱ ሲደርቅ ፀሐዩን ይመልሱለታል፤ ከሥር ያለው አረንጓዴ እንዳይቃጠል። ሞስ ውሃ ሲያጣ አይሞትም። ሥራውን ያቆማል። ገላው ውስጥ ያለው ውሃ አብዛኛው ወጥቶ ደርቆ ይቀመጣል። ውሃ ሲያገኝ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀጥላል። የአዲስ አበባን በጋ የሚያልፈው እንዲህ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት አስፋልት ዳር የምናየው የደረቀ ነገር ሁሉ የሞተ አይደለም።

ከዚያ ስለ መራባቱ ታወራልን ጀመር። ብርማው ሞስ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ነው። የወንዴው ዘር ሁለት ጅራት አለው። ወደ እንቁላሏ የሚደርሰው ዋኝቶ ነው። የሚዋኝበት ስስ የውሃ ንጣፍ ከሌለ አይደርስም። ደግሞ ለሱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ሩቅ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ስዊድን ያሉ ተመራማሪዎች በዚሁ በብርማው ሞስ ላይ ያደረጉት ሙከራ ታትሟል። ወንዱንና ሴቱን ለያይተው አስቀመጡ፤ አንዳንዱን አጠገብ ለአጠገብ፣ አንዳንዱን 2 ሳንቲ ሜትር፣ አንዳንዱን 4 ሳንቲ ሜትር አራርቀው። የተራራቁት ፍሬ የያዙት ስፕሪንግቴይል የሚባሉ ጥቃቅን የአፈር ዘላዮች ወይም ሌሎች ጥቃቅን የአፈር ፍጥረታት ሲለቀቁባቸው ብቻ ነው። እነዚያ ፍጥረታት ዘሩን ተሸክመው ያደርሳሉ። ንብ ለአበባ የምታደርገውን ማለት ነው፤ ግን አበባ የሌለው ተክል ላይ።

ልጅቷ ይሄን እያወራች ድንገት ቆመች። እጇ ላይ ያለውን መስታወት ትታ እኔን አየችኝ።

«እና ይሄ ገና ከውሃ አልወጣም በይኛ!» አለች።

እኔ ያን ቅጽበት አልረሳውም። የሞስ ዘመዶች ወደ የብስ ከወጡ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ያን ሁሉ ዘመን ድንጋይ ላይ ኖረዋል። በረዶና ፀሐይ ችለዋል። ልጅ ለመውለድ ግን አሁንም ዝናብ ይጠብቃሉ፤ ዘራቸው ይዋኛል። ልጅቷ የገባት ይሄ ነው። እሷ ሳትጨርስ የኔም አፍ ተከፈተ።

«ዓሣ ነባሪውም ገና ከየብስ አልወጣም» አልኳት።

ጋሼ ወደኛ ዞሩ። «እንዴት ነው እሱ ደግሞ?»

ባሕር ውስጥ የሚኖረው የየብስ ልጅ

ዓሣ ነባሪ ዓሣ አይደለም፤ ይሄን ብዙ ሰው ያውቃል። ያን ቀን ለጋሼ ስናስረዳ ግን ያወቅነውን ነገር እንደ አዲስ ሰማነው። ሳምባ አለው እንጂ ስንጥብ የለውም። ግልገል ይወልዳል፣ ያጠባል። ግልገሉ ውሃ ውስጥ ተወልዶ የመጀመሪያውን ትንፋሽ ለመሳብ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ኋላ እግር የለውም፤ የዳሌ አጥንቱ ቅሪት ግን ዛሬም ሥጋው ውስጥ አለ። በሕይወት ካሉ እንስሳት ሁሉ የቅርብ ዘመዱ ጉማሬ ነው። ጣና ላይ ወይም አዋሽ ላይ ጉማሬ ያየ ሰው የዓሣ ነባሪን የአክስት ልጅ አይቷል።

ጋሼ ጉማሬ ሲሰሙ ሳቁ። «እሱስ እውነት ነው፣ መልኩም ይሄዳል» አሉ።

ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የዓሣ ነባሪ ቅድመ አያቶች በአራት እግር ይሄዱ ነበር። አጥንታቸው ፓኪስታን ውስጥ ተገኝቷል። ግብፅ በረሃ ውስጥ ዋዲ አል-ሂታን የሚባል ቦታ አለ። እዚያ አሸዋ ላይ ትንንሽ የኋላ እግር የነበራቸው ጥንታዊ ዓሣ ነባሪዎች አፅም ተኝቷል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2005 የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል።

የየብስ ገላ ይዞ ባሕር ውስጥ መኖር ምን እንደሚያስከፍል የሚያሳየኝ ልቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ የባሕር ወሽመጥ ላይ ተመራማሪዎች የአንድ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ግራ ክንፍ አጠገብ መሣሪያ ለጥፈው የልቡን ምት ለኩ። እንስሳው በነፃነት እየዋኘ ነው የለኩት። ጠልቆ ምግብ ሲፈልግ ልቡ በደቂቃ እስከ 2 ጊዜ ድረስ ወርዶ መታ። ለመተንፈስ ሲወጣ 25 እስከ 37 ደረሰ። ከታች ያለችውን ትንሽ አየር ለመቆጠብ ልቡን ሊያቆመው ምንም አይቀረውም። ከላይ ሲደርስ ደግሞ ያለፈውን ዕዳ ለመክፈል ይጣደፋል። በሕይወቱ ሙሉ እንዲህ ነው፤ መውረድና መውጣት። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይላሉ። ይሄኛው ውቅያኖስ ሙሉ ውሃ ከቦት የሚናፍቀው አየር ነው።

ስልካችንን እየነካካን ስናነብ ልጅቷ ሌላ ነገር አገኘች። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደሚባለው። ኦሞ የሚፈስበት ቱርካና ሐይቅ አለ አይደል? ከሐይቁ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ኬንያ ውስጥ፣ ሎፔሮት በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1964 የዓሣ ነባሪ አፅም ተገኝቷል። ዕድሜው 17 ሚሊዮን ዓመት ነው። ቦታው ከዛሬው የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ 740 ኪሎ ሜትር ይርቃል። አፅሙ ለብዙ ዓመታት የት እንዳለ ጠፍቶ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ እንደገና ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ጥናት እንደሚለው እንስሳው ወንዝ ተከትሎ ሽቅብ ሲዋኝ መንገድ ስቶ ነው እዚያ የደረሰው። ያኔ አገሩ ዝቅተኛ ነበር፤ ከባሕር ወለል ከ24 እስከ 37 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ። ዛሬ 620 ሜትር ላይ ነው።

ይሄ ግኝት ለዓሣ ነባሪ አጥኚዎች ብቻ አይደለም የጠቀመው። የምሥራቅ አፍሪካ መሬት መቼ ከፍ ማለት እንደጀመረ ለማወቅ መለኪያ ሆነ። እኔ ይሄን ሳነብ አገሬን አሰብኩ። አዲስ አበባ ላይ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ቆመን እንኖራለን። ዓሣ ነባሪ የማይመለከተን እንስሳ ይመስለናል። ከኛ በታች ባለው ስምጥ ሸለቆ ግን መሬቱ ሽቅብ የሄደበትን ዘመን የምናውቀው መንገድ በሳተ አንድ ዓሣ ነባሪ አጥንት ነው።

እህቴ የተናገረችው

እህቴ እስካሁን ቡና እያፈላች ዝም ብላ ትሰማን ነበር። የእህቴ ቤት ዶሮ ማነቂያ ነበር። ሰፈሩ ሲነሳ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብታለች። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ውሃም አለው፣ ለልጆቹም ጥሩ ነው ትላለች። እድሯ ግን እዚሁ ነው። ማኅበሯም እዚሁ ነው። በርበሬ የምታስፈጨው ድሮ በምታውቀው ወፍጮ ቤት ነው። ልጇን ከትምህርት ቤቷ አላስወጣቻትም። በሌሊት ተነስተው ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ።

ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች፣ «እኔንስ ለምን አትጽፉኝም?» አለች።

ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ ማንም ቀጥሎ የሚለው አልነበረውም። ሰው ሞስ አይደለም፣ ዓሣ ነባሪም አይደለም። የሰው ከሰፈር መነሳትና የሚሊዮን ዓመታት ለውጥ አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም። ግን እህቴ ቀልዳ አልነበረም የተናገረችው። አንድ ቦታ እየኖሩ ትንፋሽን ከሌላ ቦታ መውሰድ ምን እንደሚመስል ከሁላችንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። እኔም እነዚህ ሁለት ፍጥረታት ለምን እንዲህ እንደያዙኝ ያኔ ነው የገባኝ። ሁለቱም የወጡበትን ዓለም ጨርሰው አልተዉም። በየቀኑ ወይም በየክረምቱ ወደዚያ ይመለሳሉ። ይሄን ከላምና በግ ጋር ብታነጻጽሪው አታይውም። አንዱን ዓሣ ነባሪ ብቻ ይዘሽ ብታጠኚም ሳምባው አንድ ባሕርይ ሆኖ ያልፍሻል። ሞሱን አጠገቡ ስታደርጊው ነው ሳምባው ታሪክ የሚሆነው።

ለዚህ ነው ቀይ እስክሪብቶው ልክ አይደለም የምለው። የሚቀራረቡ ነገሮች ልዩነታቸውን ያሳዩናል። የሚራራቁ ነገሮች ደግሞ ሁሉም ሕይወት ያለው ነገር የሚጋራውን ያሳዩናል። ለልጅ ሁለቱም ያስፈልጓታል።

የሚገናኙበት ቦታ

ልጅቷ ግን በዚህ አልረካችም። «በአካል የሚገናኙበት ቦታ የለም?» አለች። ለካ አለ።

ብርማው ሞስ በሁሉም አህጉር ይበቅላል። አራት ኪሎ ግንብ ላይ ያለው ዝርያ ኒው ዮርክ እግረኛ መንገድ ላይም አለ። አንታርክቲካም አለ፤ በረዶ በማይሸፍነው የባሕር ዳር ድንጋይ ላይ። ሰማያዊ ዓሣ ነባሪም በበጋ ወደ አንታርክቲካ ባሕር ይሄዳል። የሚሄደው ክሪል ለመብላት ነው። ክሪል ሽሪምፕ የሚመስል፣ ከትንሽ ጣት የማይበልጥ የባሕር ፍጥረት ነው። ከሁሉ ግዙፉ እንስሳ የሚኖረው በሱ ነው። በቀን በቶን የሚቆጠር ክሪል ይውጣል።

ክሪልን ፔንግዊኖችም ይበላሉ። ፔንግዊኖች ደግሞ እንቁላል የሚጥሉት የብስ ላይ ነው፤ ኩሳቸው እዚያ ይቀራል። ምሥራቅ አንታርክቲካ ውስጥ ኬሲ በሚባለው የአውስትራሊያ ጣቢያ አካባቢ ያሉትን ሞሶች ያጠኑ ሰዎች አንድ ጥያቄ ነበራቸው። እንደዚያ ባለ ባዶ ድንጋይ ላይ ሞሶቹ ናይትሮጅን ከየት አገኙ? መልሱ ከሺዎች ዓመታት በፊት እዚያ ይኖሩ የነበሩ ፔንግዊኖች ኩስ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ከአንዱ ባሕር የወጣ ክሪል ግማሹ ዓሣ ነባሪ ሆድ ይገባል፤ ግማሹ በፔንግዊን በኩል ዞሮ ሞስ ይሆናል። ልጅቷ ይሄን ስታነብ ከዱካዋ ተነስታ ቆመች።

ሳይጠፋ የቀረው

አንድ ነገር ላይ ግን ሁለቱ በፍጹም አይመሳሰሉም። እዚህ ጋ ስንደርስ ጨዋታው ከበደን።

ባለፈው ምዕተ ዓመት በደቡቡ የዓለም ክፍል ባሕሮች ብቻ ከ360,000 በላይ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪዎች ተገድለዋል። እ.ኤ.አ. በ1930 እና 1931 መካከል ባለው አንድ የአደን ወቅት ብቻ ከ29,000 በላይ ተገደሉ። የተፈለገው ስባቸው ነው። ሳሙናና ማርጋሪን ተሠራበት። ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1966 ሰማያዊውን ማደን ከለከለ። ያኔ የአንታርክቲካው ዘር በጥቂት መቶዎች ወደሚቆጠር ቁጥር እየወረደ ነበር። ከዚያ ወዲህ እየጨመረ ነው፤ ግን በጣም ቀስ ብሎ። እናቲቱ አንድ ግልገል ለአንድ ዓመት ገደማ ታረግዛለች። የምትወልደው በሁለትና በሦስት ዓመት አንዴ ነው።

ሞሱን ግን ፍቀሽ ብትጥዪው የተቆረጠው ፍርፋሪ ሌላ ቦታ ላይ አርፎ እንደገና ይበቅላል። ነፋስ ይወስደዋል፣ የዝናብ ውሃ ይወስደዋል። ግቢ ስንጠርግ ሞስ አጥፍተን አናውቅም፤ በትነነው ነው የምንመጣው። ኢምንቱ ለመመለስ ብዙ መንገድ አለው። ግዙፉ ያለው አንድ መንገድ ነው፤ አንዲት እናት፣ አንድ ግልገል፣ ብዙ ዓመት። ትልቅ ነገር ጠንካራ ነው ብለን እናስባለን። የዚህን ያህል ትልቅ ፍጥረት በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ከባሕር ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት እንደነበር ሳስብ እስካሁን ይዘገንነኛል።

ልጅቷ ሠንጠረዧ ላይ አዲስ መስመር ጨመረች። «ቢጎዱ እንዴት ይመለሳሉ» የሚል። የሞሱን ቦታ ሞላችው። የዓሣ ነባሪውን ስትሞላ ግን ስለ ዛሬ ማንበብ ነበረባት። አነበብን። የክሪል ጫጩቶች ክረምቱን የሚያልፉት ከባሕሩ በረዶ ሥር የሚያድገውን አልጌ እየበሉ ነው። ባሕሩ ሲሞቅ ያ በረዶ ይቀንሳል። ይሄው ሙቀት በአንታርክቲካ ልሳነ ምድር ላይ ሞስን እያስፋፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የሳተላይት ጥናት እንደሚያሳየው፣ በ1986 ከ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰው አረንጓዴ ሽፋን በ2021 ወደ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ተጠግቷል። አብዛኛው ሞስ ነው። አንድ ሙቀት የዓሣ ነባሪውን ማዕድ እየሳበ ለሞሱ መሬት እየሰጠ ነው።

«ታዲያ ለሞሱ ደስ ይበለን?» አለችኝ።

ደስ አይለኝም አልኳት። ሞስን ከወደድኩ ወዲህ በየመንገዱ እየቆምኩ የማይ ሰው ሆኛለሁ፤ ቢሆንም እዚያ ላይ ያለው አረንጓዴ የጎደለ በረዶ ልክ ነው። እሷ አልተስማማችም። ሞሱ ምን አጠፋ ብላ ተከራከረችኝ። ጋሼ ከሷ ጋር ሆኑ፣ እህቴ ከኔ ጋር ሆነች። ሦስተኛው ቡና ቀዝቅዞ ክርክሩ አላለቀም፤ ታክሲ እንዳያመልጣቸው ሲነሱም በር ላይ ቆማ አንድ ጥያቄ ጨመረችብኝ። በረዶው ሲሄድ ሞሱ መጀመሪያ ገብቶ አፈር ከሠራ፣ ከሱ በኋላ ማን ነው የሚገባው? በሚቀጥለው እሁድ ይሄን እናነባለን።